ባዶ ባትሪ የማይቀበል ቻርጀር

የግቢው ኮሚቴ የጎልፍ መኪናዋ ትወገድ ብሎ የወሰነው እዚያችው የጎልፍ መኪና ላይ ተቀምጦ ነው።

ሌላ መቀመጫ አልነበረውማ። አዳራሹን ለዳንስ ትምህርት ቤት ካከራየው ወዲህ ከደረጃ ደረጃ ሲንከራተት ከርሞ፣ በመጨረሻ ከግቢው ነዋሪ ከፋርማሲስቷ መኝታ ቤት መስኮት ሥር የቆመችውን አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና አገኘ። ጣሪያ አላት፤ ወንበሯ ይመቻል፤ ነፋስ ይገባታል። ሊቀመንበሩ መሪው ፊት ተቀመጡ፤ ጸሐፊዋ ከጎናቸው። የኋለኛው ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ስለሆነ፣ ሦስተኛው አባል ለሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሰበሰባሉ። እኚህን ሽማግሌ ግቢው በሙሉ ጄኔራል ይላቸዋል። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ሲወስዳቸው በእንቅልፍ ልባቸው ትእዛዝ ስለሚሰጡ ነው።

ፋርማሲስቷ ውሳኔውን የሰማችው ከመጋረጃዋ ኋላ ሆና ነው። ኮሚቴው እዚያ መሰብሰብ ከጀመረ ወዲህ መጋረጃውን ገልጣ አታውቅም፤ መሪው ፊት ማን እንደተቀመጠ ማየት አልፈለገችም። ያን ቀን ግን ስሟ ሲነሳ ወጣች።

«ነገሩ ቀላል ነው» አሏት ሊቀመንበሩ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ችሎት እንደ ልጅ ይናፍቃቸዋል። «በደንባችን መሠረት በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ተሽከርካሪ ነው፤ ተሽከርካሪ ግቢ ውስጥ ይቆማል። በራሱ የማይንቀሳቀስ ነገር ደግሞ ዕቃ ነው፤ ዕቃ በጋራ ቦታ አይቀመጥም። ይቺ ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ዕቃ ናት።»

«ጄኔራሉም ከገና ጀምረው ንቅንቅ አላሉም» አለች ጸሐፊዋ በቀስታ።

«ሥርዓት ይከበር! እስከ ቅዳሜ በራሷ ከተንቀሳቀሰች ትቆያለች። ካልተንቀሳቀሰች የአሮጌ ብረት ነጋዴው መጥቶ ይወስዳታል።»

«ከወሰዳት እናንተ ምን ላይ ልትሰበሰቡ ነው?» አለች ፋርማሲስቷ።

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «እሱ ሌላ አጀንዳ ነው» አሉ። ጸሐፊዋ ጻፈችው።

መኪናዋን የገዛት ባሏ ነው፤ አንድ መዝናኛ ማዕከል ተዘግቶ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ። ጉልበቱ እምቢ ብሎት ነበር። አመሻሽ ላይ ከቤታቸው በር እስከ ግቢው በር ይነዳታል፣ ይመለሳል። መንገዱ ሰው ተጣርቶ የሚሰማበት ርቀት ቢሆንም መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ፍሬቻ ያሳያል።

«ለማን ነው የምታሳየው?» ትለው ነበር።

«ለደንቡ።»

አንዳንዴ ቻርጀሩን ሳይነቅል ይገባና ቁልፉን ያዞራል፣ ፔዳሉን ይረግጣል። መኪናዋ ደግሞ ቻርጀር ተሰክቶባት ፈጽሞ አትሄድም፤ አሠራሯ እንደዚያ ነው። ያኔ ፋርማሲስቷ ከጎኑ ትወርድና ምንም ሳትናገር በኋላ ዞራ ትነቅልለታለች። እሱም ምንም እንዳልሆነ ሰው ፊት ለፊቱን ያያል። ስለ ባሏ ሰው ሲጠይቃት የምታወራው ይህንኑ ነው። ከዚህ አታልፍም።

ቻርጀሩ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ በውጭ በኩል ተሰቅሏል። ድሮ ሲሰኩት ጠቅ ይልና እምምም እያለ ያድራል። ስብሰባው እንደተበተነ ሄዳ ሰካችው። ጠቅም የለ፣ እምምምም የለ። ቻርጀሩ ሞቷል አለች፤ ዋርሳዋን ጠራችው።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። የሚያስተምርባት መኪና በሱም በኩል ፍሬን ስላላት የትም ቢቀመጥ ቀኝ እግሩ አያርፍም። ሶፋ ላይ ሆኖ ዜና እያየ እንኳ ወሬው ሲከፋ ይረግጣል።

«እትዬ፣ ለዚህ ነው የተጨነቅሽው? ቻርጀር ገዝተን እንሰካለን፤ አለቀ» አለ።

«ስንት ቮልት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ቆይ፣ ባትሪዎቹን ልይ።»

ባትሪዎቹ ያሉት ከፊተኛው ወንበር ሥር ነው። በማግስቱ ሲመጣ ኮሚቴው በዚሁ ጉዳይ አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ነበር።

«ጌታዬ፣ አንዴ ቢነሱልኝ?»

«ሊቀመንበር ከተነሣ ስብሰባው ይበተናል።»

ዋርሳዋ መሬት ላይ ተንጋሎ በወንበሩ ጎን በባትሪ መብራት አየና እየተራገፈ ተነሣ። «ስድስት ናቸው። የመኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ነው፤ ሰባ ሁለት ማለት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነግርሽ።»

ዓይኑን መጨፈኑ እውነት ነበር።

የባትሪና የቻርጀር ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ሰው በጎኑ ነው የሚገባው። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ማዶ መነጽሩን አውርዶ አያቸው።

«ቻርጀር ፈልጌ ነበር፤ ለጎልፍ መኪና» አለች። «ግራጫ ነው፤ ይሄን ያህል ይሆናል።» በእጇ ለካችለት።

ከአፏ እንደወጣ ራሷን ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ «ያቺን ነጯን ክኒን፣ ክቧን» እያሉ የሚመጡ ሰዎችን ስትመልስ የኖረች ሴት ናት።

«እርስዎ የማዕዘኑ ፋርማሲ አይደሉም?» አለ ባለሱቁ።

«ነኝ።»

«ጉሮሮዬ ተዘግቶ ብመጣ፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ አልሰጥም ብለው የመለሱኝ?»

«አንቲባዮቲክ ነበር የጠየቅኸኝ።»

«ተቀየምኩ እንዴ? ልክ ነዎት። እኔም ያለ ማዘዣ አልሰጥም።» ጣቶቹን ዘረጋ። «ቮልቱ ስንት ነው? ባትሪው ውሃ የሚጨመርበት ነው ወይስ ድፍን? የመሰኪያው ቅርጽስ ምን ዓይነት ነው?»

«ሰባ ሁለት ቮልት!» አለ ዋርሳዋ።

«ሰባ ሁለት? የምትነዱት የጎልፍ መኪና ነው ወይስ ባቡር?»

«ስድስት ባትሪ ነዋ! እያንዳንዱ አሥራ ሁለት…»

«ክዳኖቹን ቆጥረሃል?»

«የምን ክዳን?»

«አናቱ ላይ ያሉትን የውሃ ክዳኖች። አንድ ክዳን ሁለት ቮልት ነው። እኔ በግምት ሰጥቻችሁ ባትሪው ቢፈላ ማን ነው የሚጠየቀው?»

ፋርማሲስቷ አንገቷን ደፋች። ዓረፍተ ነገሩን ታውቀዋለች፤ «ባትሪው» ከሚለው ቃል በቀር የራሷ ነው።

«ለምን ትደክማላችሁ?» አለ ባለሱቁ ለስለስ ብሎ። «አሮጌውን ነቅላችሁ አምጡልኝ፤ አይቼ ተመሳሳዩን እሰጣችኋለሁ።»

«አይነቀልም» አለች።

«ዝጓል?»

«አይነቀልም።»

ዋርሳዋ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ።

«እሺ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ።»

«ቀለም ተቀብቷል።»

ባሏ ያንን ግድግዳ ሲቀባ ቻርጀሩንም አብሮ ቀብቶት ነበር። ጽሑፉ እንዳይጠፋ ብትለው፣ «ሁሉም ሲቀባ እሱ ብቻ ቢቀር ቅር ይለዋል» አላት።

ኮሚቴው በማግስቱም ተሰበሰበ። በዚህ አያያዙ እስከ ቅዳሜ ከወንበሩ የሚነሣ አይመስልም። ፋርማሲስቷ መሪው ፊት ወዳሉት ሰው ቀረብ አለች፤ ዓይኗን ግን ጣሪያው ላይ አደረገች።

«ክቡር ዳኛ፣ ማስረጃዬ ያለው እርስዎ የተቀመጡበት ሥር ነው።»

ክቡር ዳኛ ከተባሉ ዘመን የለውም። የሊቀመንበሩ ፊት እንደ አዲስ አምፖል በራ።

«የቦታ ምርመራ!» ብለው ብድግ አሉ። «ጸሐፊ፣ መዝግቢ! ችሎቱ ወደ ስፍራው ተንቀሳቀሰ።»

«ስፍራው ላይ ነን እኮ» አለች ጸሐፊዋ፤ ተነሣች ግን።

ወንበሩን ከፍተው ሁሉም አጎነበሱ። በእያንዳንዱ ባትሪ አናት ላይ ያለው ክዳን ሦስት ነው። ሊቀመንበሩ እያንዳንዱን በጣታቸው ነክተው ካላረጋገጡ አይሆንም አሉ፤ ጣታቸው አቧራ ሆነ፤ ደስ አላቸው። ሦስት ክዳን ስድስት ቮልት፤ ስድስት ባትሪ ሠላሳ ስድስት ቮልት።

«ከሰባ ሁለት ግማሹ!» አለ ዋርሳዋ። «በጣም አልራቅኩም።»

የመሰኪያው ነገር ቀርቶ ነበር። ፋርማሲስቷ ከመታጠቢያ ቤት እርጥብ ሳሙና አምጥታ የአሮጌውን ቻርጀር መሰኪያ ተጫነችበት። ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳ፣ ጎንና ጎን እንደተኳረፉ ሰዎች ዘመም ያሉ፣ በላያቸውም አንድ ሌላ ቀዳዳ ወጣ። ሳሙናውን በመሐረብ ጠቅልላ ሱቁ ሄደች።

ባለሱቁ መሐረቡን ገልጦ ቀና አለ። «እመቤቴ፣ ቁልፍ በሳሙና ቀርጸው ማንን ነው የሚዘርፉት?»

«ሠላሳ ስድስት ቮልት፣ ውሃ የሚጨመርበት፣ መሰኪያው ይኼው።»

«አሁን ማዘዣ ሆነ!» አለና ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደ። ቻርጀሩ ባትሪው ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ነው፤ ድምፅም የለውም። «መኪናዋ ከተነዳች በኋላ ይሰኩት።»

«ከምግብ በኋላ» አለች ሳታስበው። ባለሱቁ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ቤት ስትደርስ ከዋርሳዋ ጋር ሰኩት። አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ አለች፤ ዝም። ነቀሉ፣ ሰኩ። ብልጭ፣ ዝም።

«የተበላሸ ነው የሸጠልን!» አለ ዋርሳዋ። «ሳሙና ይዘሽ ስትሄጂ ምን ይበልሽ!»

ተሸክሞት ተመለሰ። ባለሱቁ እዚያው ካሉት ባትሪዎች ጋር አገናኘው፤ አረንጓዴ በራ። ዋርሳዋ ይዞት መጣና ሰካው፤ ብልጭ፣ ዝም። እንደገና ወሰደው፤ አረንጓዴ። በሦስተኛው ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየው በሩን ሊዘጋ ተነሣ።

«ይንቀኛል!» አለ ዋርሳዋ ላቡን እየጠረገ። «እዚያ ለሰው ይታዘዛል፤ እኔ ስነካው ነው የሚኮራው። ተማሪም እንዲህ አድርጎኝ አያውቅ።»

ፋርማሲስቷ ከካርቶኑ ሥር የወጣችውን የታጠፈች ወረቀት፣ ማንም የማያነባትን ዓይነት፣ ታነብ ነበር። እንዲህ ያለች ወረቀት ከነጥቃቅን ፊደሏ ማንበብ ሥራዋ ነው።

«ባትሪው እጅግ ከወረደ ቻርጀሩ ባትሪ መኖሩን አያውቅም ይላል። ባትሪ ከሌለ ደግሞ አይሠራም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ባዶ ለሆነ ባትሪ አይሰጥም። ለመሙላት መጀመሪያ ትንሽ ሊኖርህ ይገባል።»

«ቻርጀር ነው ወይስ ባንክ?» አለና ቀኝ እግሩን መሬት ላይ ረገጠ። «ባዶ ባይሆንማ ምን አስሰካን! የጠገበን ሊያጎርስ ነው የገዛነው?»

እሷ ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ብዙ ቀን እህል ያልቀመሰ በሽተኛ ፊት ትልቅ ሳህን አይቀርብም፤ በማንኪያ ነው የሚጀመረው። ይህን ለስንት አስታማሚ ነግራለች።

«ለስልጠና መኪናህ የምትጠቀምበት ትንሽ ቻርጀር አለህ አይደል?»

«የአሥራ ሁለት ቮልቷ? አለች። ግን ይኼ ሠላሳ ስድስት…»

«ሁለት ባለ ስድስት ቮልት ባትሪ ተያይዞ ሲቆም ስንት ነው?»

ዋርሳዋ በጣቱ ሊቆጥር ጀምሮ አፈረና ተወው። «አመጣለሁ» አለ።

ዓርብን እንዳለ በዚህ አሳለፉት። ከፋርማሲዋ የተጣራ ውሃ አምጥታ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋ፣ በክዳኖቹ በኩል በትልቅ መርፌ ጨመረች፤ ውስጥ ያሉት ሰሌዳዎች እስኪሸፈኑ ብቻ፤ ቀሪው ውሃ የሚጨመረው ባትሪው ከሞላ በኋላ ነው። ባትሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው በትንሿ ቻርጀር ተራ በተራ አቀመሷቸው። ኮሚቴው ወንበሩ ተከፍቶ ስላገኘው ቆሞ ተሰበሰበ። ጄኔራሉ የኋለኛው ወንበር ስላልተነካ ተቀምጠው ተሰበሰቡ።

«ምን እየተደረገ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እያስታመምን ነው» አለ ዋርሳዋ።

የመጨረሻው ጥንድ እንዳበቃ ትልቁን አዲሱን ቻርጀር ሰካችው። ቀይዋ ብልጭ አለች። ዋርሳዋ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ጠበቀ። አረንጓዴዋ በራች፤ አልጠፋችም። እየዘለለ ሊያቅፋት መጣና ጓንቷን አይቶ ጄኔራሉን አቀፈ። «ማን ፈቀደልህ!» አሉ ጄኔራሉ በእንቅልፋቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮሚቴው ቦታ ቦታውን ያዘ። የአሮጌ ብረት ነጋዴው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳር ቆመ። የዳንስ ተማሪዎች በአዳራሹ መስኮት ተደርድረው ያያሉ።

«ያንቀሳቅሱልን እንግዲህ» አሉ ሊቀመንበሩ ለዋርሳዋ።

«ይውረዱና ልግባ።»

«ስብሰባው ተከፍቷል። ሊቀመንበር ወንበሩን አይለቅም።»

«ታዲያ ማን ይንዳት?»

«ማስረጃውን ችሎቱ ራሱ ይመዝናል» አሉና ቁልፉን አዞሩ። መንዳት አይችሉም፤ የሚረገጠውን ግን ዋርሳዋ አሳያቸው። ረገጡ። ምንም የለም። አጥብቀው ረገጡ። ምንም።

ነጋዴው ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ዋርሳዋ ራሱን ያዘ። «ማታ ሞልቷል እኮ! በዓይኔ ነው ያየሁት!»

«ጸሐፊ፣ መዝግቢ» አሉ ሊቀመንበሩ እግራቸውን ሳያነሡ፣ እንዲያውም ከክብደታቸው ጋር ተጭነው። «በቀረበው ማስረጃ መሠረት ዕቃ…»

ፋርማሲስቷ እስካሁን ጣሪያውን ነበር የምታየው። አሁን መሪው ፊት የተቀመጠውን ሰው ጀርባ አየች፤ ቀጥ ብሎ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ፊት ለፊቱን የሚያይ ሰው ጀርባ። አንድ ቃል ሳትናገር በኋላ ዞረች፤ ቻርጀሩን ነቀለችው።

መኪናዋ ድምፅ የላትም። ስለዚህ ማንም ምንም ሳይሰማ ኮሚቴው ከነበረበት ጠፋ።

«…ናትታታታ!» የሚለው የሊቀመንበሩ ድምፅ ከአበባው መደብ ማዶ መጣ። ጄኔራሉ ነቁ። ግቢው በሙሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ አዩና፣ «ወደፊት!» ብለው አዘዙ። ጸሐፊዋ መጻፏን አላቋረጠችም። ዋርሳዋ እየሮጠ በየእርምጃው ቀኝ እግሩን መሬት ላይ እየደቆሰ ይጮኻል። «ፍሬን! በግራ በኩል ያለው! የሚረግጡትን ይልቀቁ እንጂ፣ አባቴ!»

ሊቀመንበሩ በድንጋጤ ሁለቱንም እግራቸውን ወደ ላይ አነሡ። መኪናዋ ፍጥነቷ እየቀነሰ ሄዶ ሄዶ ግቢው በር ላይ ቆመች፤ ድሮም የምትቆምበት ቦታ ላይ።

ፋርማሲስቷ ስትደርስ ችሎቱ መተንፈስ ጀምሯል።

«ተንቀሳቅሳለች» አሉ ሊቀመንበሩ ኮሌታቸውን እያቃኑ። «ጥያቄው ግን፣ በራሷ ነው ወይ?»

«እርስዎ ነድተዋት ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«እኔ መንዳት አልችልም!»

«እንግዲያው በራሷ ነው» አለችና ጻፈች። ነጋዴው ገመዱን ሰብስቦ እየተራገመ ወጣ።

«መልካም። አሁን ማን ነው የሚመልሰን?»

ዋርሳዋ እጀታውን ጠቅልሎ ቀረበ።

«አንተ ተው» አለችው። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። «ይነሡልኝ።»

«ሊቀመንበር ከተነሣ ስብሰባው…»

«ይበተን።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሊቀመንበሩ ግን ብዙ ሰው ፊታቸው ቆሞ ያዩ ዳኛ ናቸው፤ ወረዱና ከጄኔራሉ ጎን ሄደው ተቀመጡ። እሷ ገባች። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ይዛው ቆየች። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ከድና ወደ ሌላ በኩል ተመለከተች።

ከዚያ ነዳች፤ ቀስ ብላ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍሬቻ አሳየች።

«ለማን ነው?» አለች ጸሐፊዋ። መንገዱ ላይ ከዋርሳዋ በቀር ማንም የለም፤ እሱም ከኋላ ነው።

«ለደንቡ» አለች።

«ትክክል!» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ወደ ኋላ እየተጓዙ።

ሲመሽ መኪናዋን ልትሰካ ወጣች። አዲሱ ቻርጀር እጇ ላይ ነበር። አየችው፤ አስቀመጠችው፤ ከግድግዳው ጋር የተቀባውን የአሮጌውን ገመድ አነሣች። ባዶ ባትሪ አላውቅም ያለው አዲሱ ብቻ ባይሆንስ? አሮጌውም ያን ቀን ዝም ያለው ሞቶ ሳይሆን ለዚያ ቢሆንስ? ሰካችው።

ጠቅ አለ። እምምም።

ገብታ መስኮቱን አልዘጋችም።

ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው እዚያው ይሰበሰባል፤ ከመሪው ፊት ካለው ወንበር በስተቀር በፈለገው ላይ እንዲቀመጥ ፈቅዳለታለች። ሊቀመንበሩም ጀርባቸውን ሰጥተው ይመራሉ፤ ጄኔራሉ ደግሞ ጎናቸው ስለሆኑ አዘውትረው ትከሻቸው ላይ ይተኛሉ። በመጀመሪያው ስብሰባ ከፋርማሲስቷ ግድግዳ ላይ ማታ ማታ ስለሚሰማው እምምታ አቤቱታ ቀረበ። እሷም መጋረጃውን ገልጣ አንገቷን አወጣች።

«እሱ ሌላ አጀንዳ ነው» አለች። ጸሐፊዋ ጻፈችው።